ኦኦፒ ወይስ ፈንክሽናል? መጀመሪያ ያን ፋይል እንክፈተው

ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች ፕሮግራመር ናት። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ከሌላ አንድ ልጅ ጋር የፋርማሲ ሲስተም ትሠራለች፤ ሽያጭ፣ ክምችት፣ ክፍያ፣ ሪፖርት ያለው፣ በላራቬል (በፒኤችፒ ቋንቋ በሚሠራ የዌብ ማዕቀፍ) የተጻፈ። እንዲህ ትላለች፦ «የሽያጩ ፋይል 3000 መስመር አለፈ። አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል። አለቃዬ ሁሉንም በኦኦፒ አድርጊው ይላል፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ፈንክሽናል ነው የሚያዋጣው ይላል፣ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ማይክሮሰርቪስ ካልሆነ አትልፊ አለኝ። የቱን ልስማ? ፎልደሮቹንስ እንዴት ላደራጅ? ወይስ ጥዬው እንደ አዲስ ልጻፈው?»

እሺ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ከጠየቅሽው ልጀምር። እንደ አዲስ አትጻፊው።

ያ ፋይል አስቀያሚ ሊሆን ይችላል፣ ግን ብዙ ነገር ያውቃል። መሀሉ ላይ ለምን እንደገባ የማይገባሽ «ኢፍ» (ሁኔታ የሚያጣራ መስመር) ታገኛለሽ። ስታጣሪው፣ ፋርማሲስቷ አንድ ቀን ደውላ «ሽሮፑን በጠርሙስ ነው የምንሸጠው፣ ለምን በፍሬ ይቆጥረዋል?» ስላለች የተጨመረ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ሌላ የትም አልተጻፈም። ከባዶ ከጀመርሽ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ደንበኛሽ እየተናደደች እንደገና ታስተምርሻለች። በዚያ ላይ ፋርማሲው አዲሱን ሲጠብቅ አይዘጋም፤ አሮጌውንም እየጠገናችሁ አዲሱንም እየጻፋችሁ ልትሄዱ ነው። ሁለት ሰው ይህን አይችልም፣ አስርም ቢሆን ይከብደዋል።

መካሪዎችሽን በተመለከተ፣ ሦስቱም ከፊል እውነት አላቸው። ችግሩ ፋይሉን ከፍቶ ያየ የለም።

ሰው የፕሮግራሚንግ ሞዴሎችን፣ ማለትም ኦኦፒ፣ ፈንክሽናል የሚባሉትን የኮድ አጻጻፍ መንገዶች፣ ጎራ ለይቶ ይከራከርባቸዋል። እኔ ሁሌም የማየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዳታው የት ነው የሚቀመጠው፣ እንዲለውጠውስ የሚፈቀድለት ማን ነው? ሞዴሎቹ በዋናነት የሚለያዩት ለዚህች ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነው።

ፕሮሲጀራል የሚባለው በጣም ቀጥተኛው ነው። ዳታው አንድ ቦታ አለ፣ ፈንክሽኖች በየተራ መጥተው ይሠሩበታል። በፈረንጅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ የሠራት ሲ የምትባለው ቋንቋ እንዲህ ነች፤ ብዙ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮድ ዛሬም በሷ ይጻፋል። ስለዚህ «ያረጀ ነው» የሚልሽን አትስሚ። ያንቺ የወር መጨረሻ ሪፖርት ሽያጮቹን ያነባል፣ ይደምራል፣ ያትማል። ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ሥራ ነው። እዚያ ላይ አምስት ክላስ (ዳታና ኮድ አብሮ የሚያስር ንድፍ) መደርደር ትርፉ ድካም ነው።

ኦብጀክት ኦሪየንትድ (ኦኦፒ) ደግሞ ዳታውንና ዳታውን መንካት የሚችለውን ኮድ አብሮ ያስራል። የመጣው ከኖርዌይ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ሠሩ፤ ዓላማቸው የእውነተኛውን ዓለም ሂደት በኮምፒውተር አስመስሎ ማጥናት ነበር። ይህ መነሻው የት እንደሚጠቅም ይጠቁማል፤ የራሱ ሁኔታና የራሱ ሕግ ያለው ነገር ሲኖርሽ። ያንቺ ሲስተም ውስጥ ያለ አንድ የመድኃኒት ባች (አብሮ የተመረተ፣ አንድ የማብቂያ ቀን ያለው ክምችት) እንዲህ ያለ ነገር ነው። ብዛት አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ሕጉም ግልጽ ነው፦ ብዛቱ ከዜሮ አይወርድም፣ ቀኑ ካለፈ አይሸጥም። ይህን ሕግ ባቹ ራሱ ይጠብቀው፤ ሽያጩ፣ ተመላሹ፣ ቆጠራው እያንዳንዱ ለብቻው እየደገመ አያጣራው።

ፈንክሽናል የሚሉት ከዚያም ቀድሞ የነበረ ሐሳብ ነው። ጆን ማካርቲ ሊስፕን የጀመረው በ1958 ነው። ነጥቡ ይህ ነው፦ ፈንክሽን የሚሰጠውን ይቀበላል፣ መልስ ይመልሳል፣ ውጭ ያለ ምንም ነገር አይነካም፤ ንጹሕ ፈንክሽን የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ዓይነት ነገር ከሰጠሽው ሁሌም አንድ ዓይነት መልስ ታገኛለሽ። ዳታ ስለማይለወጥ «ማን ለወጠው?» ብሎ መፈለግ የለም።

ኢቨንት ድሪቨን የምንለው ደግሞ መቼ እንደሚጠራ የማታውቂው ኮድ ነው። ተጠቃሚው ቁልፉን ሲጫን፣ ክፍያው ሲረጋገጥ፣ ያኔ ይነሳል። ጃቫስክሪፕት የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ኤስኪውኤልን (ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ) ብዙ ሰው ከሞዴል አይቆጥረውም፣ ግን እሱም የራሱ ሞዴል ነው፤ የምትፈልጊውን ትነግሪዋለሽ፣ እንዴት እንደሚያመጣው የዳታቤዙ ጉዳይ ነው። ብዙ ጀማሪ ሃምሳ ሺህ ረድፍ ወደ ፒኤችፒ ጎትቶ በሉፕ ሲደምር አያለሁ። በአንድ መስመር ኤስኪውኤል ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ ፋርማሲሽ እንምጣ። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ጠጋ ብለን እንይ፤ የቀረው በዚያው መንገድ ይገባሻል።

የመጀመሪያው ቀን ነው። የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ የሚታተመው በፈረንጅ ነው፣ ለዚያውም ብዙ ጊዜ ወርና ዓመት ብቻ፦ 08/2026። ይህ ማለት እስከ ወሩ መጨረሻ፣ እስከ ኦገስት 31 ድረስ ነው። ፋርማሲስቷ ደግሞ የምታስበው በኛ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ብሎ እንዲያሳያት ትፈልጋለች። ይህን ቅየራ የሚሠራው ኮድ አንቺ ጋ ስንት ቦታ ላይ እንዳለ ፈልጊ። ከሦስት ቦታ በታች ከሆነ ይገርመኛል። አንዱ ቦታ ላይ ጳጉሜን የረሳ ይኖራል፣ ሌላው ላይ አዲስ ዓመትን ሁሌም ሴፕቴምበር 11 ያደረገ ይኖራል።

ፈንክሽናል የሚለው ልጅ ልክ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀን ይገባል፣ ቀን ይወጣል። ዳታቤዝ የለም፣ ሎግ ኢን ያደረገ ተጠቃሚ የለም፣ የዛሬን ቀን እንኳ ከሰዓቱ አያነብም፣ ካስፈለገው አንቺ ትሰጭዋለሽ። አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጪውና ቴስት (ውጤቱን በራሱ የሚያረጋግጥ ኮድ) ጻፊለት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፣ ምክንያቱም 2015 ጳጉሜው ስድስት ነበር። መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። እነዚህን ሁለቱንና ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ካለፈ፣ የሰው ስህተት የሚበዛበትን ቦታ ይዘሽዋል። ዳታቤዙ ውስጥ ሁሌም በፈረንጅ አስቀምጪ፣ ወደ ኛ የሚቀየረው ሰው ፊት ሲቀርብ ብቻ ይሁን።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ የኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት ይቀድመዋል። ሌሊቱን የሚሠራ ፋርማሲ ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሸጠው በሙሉ ትናንት ላይ ይመዘገብለታል። ካሸሯ ጠዋት ሒሳብ ስታስረክብ አይገጥምላትም፣ ሰው ይጠረጠራል። በዚህ ምክንያት ሰው ሲጣላ አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የአንዲት የሰዓት ሴቲንግ ሆኖ ሳለ።

የስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ብለው የመዘገቡት አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ከመፈለግሽ በፊት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ አንድ ንጹሕ ፈንክሽን ጻፊ። ሰዉ ራሱ የጻፈውን ስም ግን አትቀይሪበት፤ ለፍለጋ የሚሆነውን ለብቻው አስቀምጪ።

ሁለተኛው ቦታ ክምችቱ ነው፣ ዋናው ጣጣ ያለውም እዚህ ነው። መድኃኒት የሚወጣው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ በሚል ነው። አሞክሳሲሊን 20 ፍሬ ተጠየቀ እንበል። አንደኛው ባች ላይ 12 ቀርቷል፣ ቀኑም ይቀርባል። ሁለተኛው ላይ 100 አለ፣ ቀኑ ገና ነው። ስለዚህ 12ቱ ከመጀመሪያው፣ 8ቱ ከሁለተኛው ይወጣል። ከየትኛው ስንት ይውጣ የሚለው ውሳኔ ስሌት ብቻ ነው፤ የባቾቹን ዝርዝርና የተፈለገውን ብዛት ይቀበላል፣ ዕቅድ ይመልሳል። ይህም ንጹሕ ፈንክሽን ይሁን። ዕቅዱን ተቀብሎ ብዛቱን የሚቀንሰው ግን ባቹ ነው፣ እዚህ አለቃሽ ልክ ነው።

ግን አለቃሽ ያልነገረሽ ነገር አለ። ሁለት ካሸሮች በአንድ ሰከንድ ያቺኑ 12 ፍሬ ቢሸጡስ? ፒኤችፒ በተለመደው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከባዶ ተነስቶ ሥራውን ጨርሶ ይረሳል። ማለትም የመጀመሪያዋ ካሸር የራሷ የባች ኦብጀክት (ከክላሱ የተሠራ ቅጂ) አላት፣ ሁለተኛዋም የራሷ። ሁለቱም «12 አለ» ይላሉ፣ ሁለቱም ሕጉን ያጣራሉ፣ ሁለቱም ያልፋሉ። ክላሱ በጣም ያምራል፣ መደርደሪያው ላይ ግን መድኃኒት የለም። እውነተኛው ዳታ የተቀመጠው ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ የመጨረሻው ጠባቂም እዚያው መሆን አለበት። ንባቡንም ቅነሳውንም በአንድ ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚያልፍ ወይም አብሮ የሚሰረዝ ሥራ) ውስጥ አድርጊው፣ ረድፎቹን ስታነቢ ቆልፊያቸው፣ ብዛት ከዜሮ እንዳይወርድ ቴብሉ ላይ ገደብ ጨምሪ። ላራቬል ረድፍ መቆለፊያ አለው፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ።

ቅድም «ዳታው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ኦኦፒ ወይስ ፈንክሽናል እያሉ ሲከራከሩ ቢውሉ ይህን ባግ አያገኙትም።

ወደ ፎልደር እንሂድ። ላራቬል ሲጫን ኮንትሮለሮች (ጥያቄ ተቀባዮቹ) አንድ ቦታ፣ ሞዴሎች (የዳታው ክላሶች) አንድ ቦታ፣ ቪውዎች (የሚታዩት ገጾች) አንድ ቦታ አድርጎ ይሰጥሻል። ይህ አከፋፈል መነሻው ትሪግቬ ሬንስኮግ በ1979 ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ያመጣው ሐሳብ ነው። ለትንሽ ፕሮጀክት አይጎዳም። ሲያድግ ግን አንዲት የቅናሽ ሕግ ለመጨመር አምስት ፎልደር ታካልያለሽ፤ አብረው የሚለወጡ ነገሮች ተራርቀው ተቀምጠዋላ። ከዚያ የትም ያልተመደበው ሁሉ «ዩቲልስ» ወይም «ሄልፐርስ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይወረወራል። ምናለሽ ተራ በይው፤ የሌለ ነገር የለም፣ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን እዚያ የሚውል ሰው ብቻ ነው።

በ1972 ዴቪድ ፓርናስ የሚባል ሰው በዚህ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አንድን ትንሽ ፕሮግራም ወስዶ በሁለት መንገድ ከፋፈለው። በመጀመሪያው እንደ ሥራው ቅደም ተከተል፦ ማንበብ፣ ማዘጋጀት፣ መደርደር፣ ማተም። በሁለተኛው እያንዳንዱ ክፍል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ እንዲደብቅ አድርጎ። ሁለቱም ይሠራሉ። ግን ዳታው የሚቀመጥበት መንገድ ሲቀየር በመጀመሪያው ሁሉም ክፍል ይነካል፣ በሁለተኛው አንዱ ብቻ። ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎታል፣ እኔ ከዚህ የተሻለ የፎልደር ምክር አላየሁም።

ይህን ወደ እኛ አምጪው። ከፒያሳ ስንት ሱቅ ተነስቶ ሌላ ሰፈር እንደገባ ታውቂያለሽ። ደንበኛሽ ነገ ቦታ ቢቀይር ደረሰኙ ላይ፣ ሪፖርቱ ላይ፣ የኤስኤምኤሱ መልእክት ላይ ያለውን አድራሻ ለመቀየር ስንት ፋይል ትከፍቻለሽ? አሁኑኑ ኤዲተርሽ ላይ የሰፈሩን ስም ፈልጊና እይው። 15 የምትለዋን ቁጥርም ፈልጊ፣ የቫቷን። የምትገኝበትን ቦታ ብዛት ስታይ ፕሮጀክትሽ ምን ያህል እንደተበተነ ይገባሻል። ቫት የሚያርፍበትና የማያርፍበት ዕቃ ስላለ ቁጥሯን ብቻ አንድ ቦታ መሰብሰብ አይበቃም፤ «ይህ ዕቃ ምን ያህል ታክስ አለው?» የሚለውን የሚመልስ አንድ ቦታ ይኑር፣ ሌላው ኮድ እሱን ይጠይቅ።

ስለዚህ ፎልደሮችሽ ፋርማሲስቷ የምታውቃቸው ስሞች ይኑሯቸው። «ሽያጭ»፣ «ክምችት»፣ «ክፍያ»፣ «ሪፖርት»። የሽያጭ ኮንትሮለር፣ የሽያጭ ሕግ፣ የሽያጭ ቴስት ሁሉም «ሽያጭ» ውስጥ ይቀመጡ። ስማቸውን በላቲን ብትጽፊው ግድ የለም። ሽያጭ ክምችትን ሲፈልግ በአንድ በር ብቻ ይግባ፣ «ይህን ያህል አውጣልኝ» ይበል። የክምችትን ቴብሎች ከሽያጭ ውስጥ በቀጥታ ኤስኪውኤል የሚነካ ኮድ ካየሽ እሱ ነው «አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል» ያሰኘሽ።

ክፍያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብ ስለሆነ። ቴሌብር ወይም ባንክ የክፍያውን ውጤት የሚነግርሽ በራሱ ጊዜ ነው። መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል። ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ኔትወርክ ተቋርጦ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ብዙ ሰው ግን ኮዱን እንደ ተራ ፈንክሽን ይጽፈዋል፤ ልጠይቅ፣ ልጠብቅ፣ «ተከፍሏል» ልበል። ይህ የኢቨንት ቦታ ነው። ሽያጩ «ክፍያ በመጠበቅ ላይ» የሚል ሁኔታ ይኑረው፤ ማረጋገጫው ሲመጣ የግብይት ቁጥሩ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደሆነ እይ፣ ከተመዘገበ ምንም አትሥሪ። ቁጥሩ ላይ ዳታቤዙ ውስጥ ድግግሞሽ የሚከለክል ገደብ አድርጊ፣ ምክንያቱ የቅድሙ የሁለቱ ካሸሮች ታሪክ ነው። መልእክቱ ካልመጣ ደግሞ የተንጠለጠሉትን በየተወሰነ ደቂቃ ሄዶ የሚጠይቅ ትንሽ ሥራ ይኑርሽ። ከቴሌብር ጋር የሚያወራው ኮድም «ክፍያ» ውስጥ ብቻ ይቆይ። ነገ ደንበኛሽ ሌላ የክፍያ መንገድ ጨምሪልኝ ስትልሽ ሽያጩን ሳትነኪ ታልፊያለሽ።

ማይክሮሰርቪሱን፣ ማለትም ሲስተሙን በየራሳቸው ወደሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች መከፋፈሉን፣ ባጭሩ ልዝጋው። ሜልቪን ኮንዌይ በ1968 ያሳተመው ሐሳብ አለ፦ ሲስተም የሚሠራው ቡድን እርስ በርስ የሚነጋገርበትን መንገድ መምሰሉ አይቀርም። ማይክሮሰርቪስ የሚያዋጣው ብዙ ቡድን ኖሮ እርስ በርስ ሳይጠባበቁ መሥራት ሲፈልጉ ነው። እናንተ ሁለት ናችሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ሽያጭንና ክምችትን ለያይታችሁ ሁለት ሰርቨር ላይ ብታስቀምጡ ያ ቅድም ያልኩሽ ትራንዛክሽን በቀላሉ የሚሆን ነገር አይሆንም፣ መሀል ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ግማሹ ተቀንሶ ግማሹ ሳይቀነስ ይቀራል። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዳታቤዝ፣ ውስጡ ግን በሥርዓት የተከፈለ። ለእናንተ ይህ በቂ ነው።

አሁን ከየት ትጀምሪያለሽ? ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጥን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ከሌለ ዛሬውኑ አስገቢው፤ በዚፕ እያደረጉ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እያሉ ማስቀመጥ ይቅር። ከዚያ 3000 መስመሩን ሳትነኪ፣ አሁን የሚሠራውን የሚያረጋግጡ ጥቂት ቴስቶች ከውጭ ጻፊ፤ ይህን ሽያጭ ስሰጠው ደረሰኙ ይህን ይላል፣ ክምችቱ ይህን ያህል ይቀንሳል። ስህተት ቢሆንም እንኳ አሁን የሚያደርገውን ጻፊ፣ ማስተካከሉ በኋላ ነው። ኮድ ስታዘዋውሪ ባህሪውን አትቀይሪ፣ ባህሪውን ስትቀይሪ ኮድ አታዘዋውሪ፤ ሁለቱ የተለያየ ኮሚት (ጊት ላይ የሚመዘገብ ለውጥ) ይሁኑ። አለበለዚያ ነገሩ ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው አታውቂም።

መጀመሪያ የቀን ቅየራውን አውጪ፣ ቀላሉ እሱ ነው፣ ልብም ይሰጥሻል። ቀጥሎ የባች ዕቅዱን፣ ከዚያ ታክሱን። የክምችቱን መቆለፊያ ግን ተራ አታስጠብቂው፣ እሱ አሁንም ገንዘብ እየበላ ሊሆን ስለሚችል ነገውኑ አስገቢው። ክፍያውን በመጨረሻ ንኪው፣ ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት፣ አብሮሽ የሚሠራው ልጅ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እያየ። የቀረውን ፋይል ሥራ ሲመጣልሽ ብቻ ክፈቺው፤ ቅናሽ ጨምሪ ስትባዪ የቅናሹን ክፍል አውጪ፣ ተመላሽ አስተካክዪ ስትባዪ የተመላሹን። ማንም የማይነካው 800 መስመር እዚያው ቢቀር ምንም አይደለም።

አለቃሽ «ኦኦፒ አደረግሽው?» ካለሽ የባቹን ክላስ አሳዪው። ልጁም ከጠየቀሽ የቀን ፈንክሽኑን። የሁለቱ ካሸሮችን ነገር ግን ለሁለቱም በደንብ አስረጃቸው፤ ሁለት ብሮውዘር ከፍታችሁ የመጨረሻዋን አንድ ፍሬ እኩል ለመሸጥ ሞክሩ። ሁለቱም ደረሰኝ ካተሙ፣ ሌላ ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው የምትጠግኑት።